ጃፓኖች ለባሕር ሣሩ ባክቴሪያ አላቸው፤ እኛስ ለጤፉ ማን አለን?

የሽምብጥ መምህርት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10)

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። እዚህ ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ዛሬ ስለ ምግብ መፈጨት ሳስተምር፣ ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበት ኖሪ የሚባል የባሕር ሣር እንዳለ፣ የሣሩን ጠንካራ ስኳር የሚቆራርጥ ኢንዛይም የሚሠራ ባክቴሪያም አንጀታቸው ውስጥ እንደተገኘ ነገርኳቸው። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ እኛስ ለጤፉ ማን አለን?" አለኝ። ደወል እስኪደወል ሰሌዳውን ግራና ቀኝ ሞላሁት፤ ግን አልጨረስኩም። ቤት ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ከጃፓኑ ልጀምር። ሥራው በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፤ የሠሩትም ፈረንሳይ አገር ሮስኮፍ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ የምርምር ጣቢያ ሰዎች ናቸው። ባሕር ውስጥ ይህን ሣር የሚበላ ዞቤሊያ የተባለ ባክቴሪያ አለ። የእሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ ዘረ መል ከሣሩ ጋር አብሮ ተበልቶ፣ አንጀት ውስጥ ለሚኖረው ባክቴሮይዲስ ፕሌቢየስ ለሚባል ባክቴሪያ ተላለፈ። ባክቴሪያ እንደኛ ከወላጁ ብቻ አይወርስም፤ አጠገቡ ካለ ጎረቤትም ዘረ መል ይቀበላል። ተመራማሪዎቹ የጃፓኖችንና የሰሜን አሜሪካውያንን አንጀት ሲያስተያዩ ዘረ መሉን ጃፓኖቹ ላይ አገኙት፤ አሜሪካኖቹ ላይ አጡት።

ልብ በሉ፤ የባክቴሪያው ስም እዚህም እዚያም ያው ነው። የሚለየው ውስጡ ነው። ሐኪሞች ይህን ስትሬን ይሉታል። ለተማሪዎቼ በጤፍ ነው ያስረዳኋቸው፦ ቁንጮም ጤፍ ነው፣ ቀዩም ጤፍ ነው። ገበሬ "ጤፍ ዘራሁ" ቢላችሁ ግን የቱን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ምርቱም፣ ዋጋውም፣ የሚወደው መሬትም ይለያያልና። በአንጀት ባክቴሪያ ላይ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ "የቱን?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልነበረም። ስሙን ቆጥረን እናልፍ ነበር።

ወደ ጤፉ ልመለስ። የእኛ ሰውነት የእህልን ፋይበር የሚቆርጥ ኢንዛይም የለውም። እንጀራውና ሽሮው ትንሹ አንጀት ላይ የሚሰጠውን ሰጥቶ የተረፈው ፋይበር ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያቦኩታል። ማቡካት ያልኩት አውቄ ነው፤ ሊጥ ላይ እንደሚሆነው አሲድና ጋዝ ይወጣል። ከአሲዶቹ አንዱ ቡቲሬት ነው፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግባቸው እሱ ነው። ፋይበር በመቆራረጥ ከሚታወቁት ባክቴሪያዎች ደግሞ ፕሬቮቴላ ኮፕሪ አንዱ ነው። በ2010 ጣልያኖች ከቡርኪና ፋሶ ገጠር፣ ቡልፖን ከሚባል መንደር 14 ልጆችን፣ ከፍሎሬንስ ከተማ ደግሞ 15 ልጆችን አስተያዩ። ማሽላና ጥራጥሬ የሚበሉት የቡልፖን ልጆች ፕሬቮቴላ ሞልቷቸው ተገኘ፤ ሰገራቸው ውስጥ ያ ጠቃሚ አሲድም ከፍሎሬንሶቹ ይበልጥ ነበር።

በ2019 ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከታንዛንያ የተሰበሰበ ናሙና ጨምረው ያጠኑ ሰዎች ደግሞ ነገሩን አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገፉት። ፕሬቮቴላ ኮፕሪ የምንለው አራት ትልልቅ ቅርንጫፎች ያሉት ሆኖ ተገኘ። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ከተሜ ብዙ ጊዜ ጭራሹኑ የለውም፤ ቢኖረውም በአብዛኛው አንዱን ቅርንጫፍ ነው። ፋብሪካ ያልነካው ምግብ በሚበላበት አገር ግን በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሁለቱ፣ ሦስቱ፣ አራቱም አብረው ይገኛሉ። ከ5,300 ዓመት በፊት ሞቶ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትዚ የተባለው ሰውም አንጀቱ ውስጥ ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ነበረው። አውሮፓውያንም ድሮ ነበራቸው ማለት ነው፤ ኋላ ነው ያጡት።

ስለዚህ ለልጁ "አለን" እለዋለሁ። ግን "ማን?" ላለው ስም ብቻ ጠርቶ ማለፍ እንደማይበቃ ነው የማስረዳው። እናንተስ ምን ትጨምራላችሁ?


ፋርማሲስቷ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41)

መምህርት፣ በጣም በጊዜው ነው የመጣሽው። እኔ ጋ በሳምንት ሦስት አራት ሰው "ጥሩ ባክቴሪያ ያለበት እንክብል አለሽ?" እያለ ይመጣል። ፕሮባዮቲክ ማለታቸው ነው። አንዳንዱ ከውጭ ዘመድ የላከለትን ጠርሙስ ይዞ ይመጣና "ይሄ ለእኔ ይሆናል?" ይለኛል። ትናንት አንዲት እናት ሆዱ ለሚነፋው ልጇ ብላ ያመጣችውን አየሁት፤ ከፊት ለፊት "አሥር ቢሊዮን" የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፤ የባክቴሪያው ስም ከጀርባ በጣም በደቃቁ። ስትሬኑ ጭራሽ አልተጻፈም። እኔ ራሴ የስትሬኑን ነገር ጉዳዬ ብዬ ፈልጌ አላውቅም ነበር። አሁን የምትይው ከሆነ ስሙ ብቻ ምንም አይነግረኝም ማለት ነው?


የሽምብጥ መምህርት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05)

እህቴ፣ ምንም አይነግርሽም አልልም፤ ግን ግማሹን ነው የሚነግርሽ። ኢ. ኮላይን ውሰጂ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልፍሬድ ኒስለ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ እሱ ምንም ካልሆነ ወታደር ሰገራ አንድ ኢ. ኮላይ ለየ። ኒስለ 1917 ይባላል፤ እስከ ዛሬ መድኃኒት ሆኖ ይሸጣል። ኦ157 የሚባለው ደግሞ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ አንዳንድ ሕፃናትን ኩላሊታቸውን እስከማበላሸት ይደርሳል። ሁለቱም ኢ. ኮላይ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ኢ. ኮላይ ብሎ ቢያቆም የቱን እንደምትሰጪ ማወቅ አትችይም ነበር።

ስለዚህ ለእናትየዋ እንዲህ ብትያት ደስ ይለኛል፦ ስትሬኑ በፊደልና በቁጥር ያልተጻፈበትን ለልጅ አለመስጠት። የሚሰጥም ከሆነ፣ ያ ስትሬን ለልጁ ሕመም ተሞክሮ ሠርቷል ወይ ብሎ መጠየቅ። ለአንዱ ሕመም የሠራ ስትሬን ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ቢሊዮኑ ይህን ሁሉ አይመልስም። ሆዱ የሚነፋ ልጅ ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ይየው።


እንጀራ ጋጋሪዋ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30)

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ግን እንጀራ እየጋገርኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ግሽ ዓባይ ገበያ አጠገብ ነኝ። ጤፉን ከዳጉሳ ጋር ደባልቄ ነው የማቦካው፤ የሰፈሩ ሰው እሱን ለምዷል። እርሾዬ የእናቴ ነው። ከመርዓዊ ሳገባ በጠርሙስ ይዤው መጣሁ፤ አፉን በኮባ ቅጠል ወትፌ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አድርጌ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልጠፋም። ሊጡ ሦስት ቀን ሲያድር ላዩ ላይ ቢጫ ውኃ ይንሳፈፋል፤ እሱን ቀድቼ ለሚቀጥለው አስቀምጣለሁ፤ ከቀሪው አብሲት እጥላለሁ። ጎረቤቴ ከእኔው እርሾ ወስዳ ትጋግራለች፤ የእሷ እንጀራ ግን የእኔን አይመስልም፤ ይጎመዝዛል። ጤፉ አንድ፣ ውኃው አንድ። እርሾው እሷ ቤት ገብቶ ሌላ ሆነ እላለሁ። መምህርት የምትይው ነገር ይሄ ነው? እርሾው ውስጥ ያለውስ ነው ሆዳችን ውስጥ የሚገባው?


የሽምብጥ መምህርት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58)

እማማ፣ እኔ ሙሉ ሰሌዳ የጨረስኩበትን እርስዎ በአንድ ጠርሙስ አስረዱት። አዎ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እርሾው ውስጥ ብዙ ዓይነት የእርሾ ሕዋስና አሲድ የሚያወጡ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ፤ የቤቱ ሙቀት፣ ዕቃው፣ የጋጋሪዋ እጅ፣ ስንት ሰዓት እንዳደረ፣ ይህ ሁሉ አንዱን ያበዛል፣ አንዱን ያሳንሳል። ጎረቤትዎ ቤት ሲደርስ አሰላለፉ ተለወጠ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ግን መለየት አለብን። ምጣዱ ላይ ሲጋገር እርሾው ውስጥ ያሉት ይሞታሉ፤ ያን ሙቀት የሚችል ጥቂት ነው። ሆዳችን ውስጥ ያሉት ሌሎች ናቸው፤ አብዛኞቹ አየር ሲነካቸው የሚሞቱ ናቸው፤ ሊጥ ላይ መኖር አይችሉም። እርስዎ ሦስት ቀን ያቦኩት ሊጥ ለሆዳችን ባክቴሪያ የሚያደርሰው ምግብ ነው። ከነገለባው የተፈጨ ጤፍና ዳጉሳ ፋይበሩ እንዳለ ነው፤ እነሱ የሚፈልጉትም እሱን ነው። ሕይወት ያለው ባክቴሪያ በአፍ የሚገባው እርጎ ላይ ነው፤ ጠላም ላይ አለ።


ጣና ማዶ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20)

መምህርት፣ ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን አስፈርቶኛል፤ ልንገርሽ። በዚህ አገር ሰው በቋንቋው፣ በትውልዱ ሲለይ ምን እንደደረሰብን እናውቃለን። አሁን ደግሞ "የእገሌ ሕዝብ ባክቴሪያ እንዲህ ነው" ከተባለ ነገ አንዱ ይህን ይዞ "ሆዳቸውም የተለየ ነው" ማለቱ አይቀርም። ይህ ሳይንስ ለዚያ በር አይከፍትም ወይ?


የላብራቶሪው ሰው (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:47)

ወንድሜ ጣና ማዶ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው፤ በምናውቀው ልመልስልህ። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፤ በየቀኑ የማየው የጨጓራ ባክቴሪያን፣ ኤች ፓይሎሪን ነው። በሕዝቦች መካከል ያለው የስትሬን ልዩነት መጀመሪያ በደንብ የታየውም በእሱ ላይ ነው።

ባክቴሪያውን በ1982 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ውስጥ ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ናቸው። የሚያምን ሰው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በብርጭቆ ጠጣውና ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ ተሸክሞ እንደኖረ ይገመታል፤ አብዛኛው ሰውም ምንም አይሰማው። በ2003 ተመራማሪዎች ከየአህጉሩ የተሰበሰበውን ዘረ መል ሲያነቡ፣ ባክቴሪያው ሰው የሄደበትን መንገድ ሁሉ ተከትሎ እንደሄደ አዩ። የአውሮፓ፣ የምሥራቅ እስያ፣ የአፍሪካ ቡድኖች አሉት። ከአፍሪካዎቹ አንዱ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሚባለው ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ሱዳን ውስጥ የተገኘው እሱ ነው። በ2007 የወጣው ደግሞ ባክቴሪያው ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ከሰው ጋር አብሮ እንደወጣ አሳየ። ከምሥራቅ አፍሪካ እየራቅህ ስትሄድ የባክቴሪያው የዘረ መል ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሰውም እንዲሁ ነው። እዚህ ጣና ዳር የተቀመጥን ሰዎች ከመንገዱ መነሻ ሰፈር ነን ያለነው። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ማይክሮስኮፑን ትቼ ወጥቼ ብዙ ቆሜያለሁ። የሚገርመው ይህ ባክቴሪያ ከሰው ወደ አንበሳና ነብር ዘመዶች ጭምር ተላልፏል፤ የእነሱ ጨጓራ ውስጥ ያለው የዚሁ የእኛው ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ስጋትህ። ካርታው የሚሠራው በአህጉርና በአሥር ሺዎች ዓመታት ነው፤ ቀበሌና ወረዳ አይለይም። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ሱዳንን በአንድ ቡድን ነው ያስቀመጠን። ባክቴሪያው የሚተላለፈው አብሮ በመኖር ነው፤ አንድ ቤት ያደገ ልጅ የማንም ልጅ ይሁን የዚያን ቤት ስትሬን ነው የሚይዘው።

ኮሎምቢያን ተመልከት። ቱማኮ የምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማና ቱኬሬስ የምትባል የተራራ ከተማ አሉ። በሁለቱም ዘጠና በመቶ ያህሉ ሰው ባክቴሪያው አለበት። የጨጓራ ካንሰር ግን ተራራው ላይ 25 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ጠረፍ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሥራቸው አፍሪካ ነው፣ ባክቴሪያቸውም አፍሪካዊ ሥር አለው፤ አብረው ኖረው ተላምደዋል። ተራራው ላይ ያሉት ግን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ስትሬን ከስፔኖች ጋር የመጣ ነው። የከፋ ቁስለት የታየው ሰውና ባክቴሪያ ሳይተዋወቁ በተገናኙበት ነው። የስትሬኑን ትውልድ የምናጠናው እንዲህ ላለው ነው፤ ማን ቶሎ መታከም እንዳለበት ለማወቅ።


ጣና ማዶ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:02)

ገባኝ ወንድሜ። በተለይ "የማንም ልጅ ይሁን የዚያን ቤት" ያልከው አሳረፈኝ።


ዘጌ ቡና (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15)

ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ነው። የላብራቶሪው ሰው፣ እባክህ ይህን መልስልኝ። ባለቤቴ ጨጓራዋን ካመማት ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን፤ ጣቷን ወግተው ደም ወሰዱ፤ ባክቴሪያው አለብሽ ብለው ሁለት ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ሰጧት። ጨርሳ ተመለሰች። እንደገና ደም። እንደገና አለብሽ። እንደገና መድኃኒት። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ሦስቱንም ጊዜ የመድኃኒቱን ገንዘብ ያወጣሁት ለሰኔ ያስቀመጥኩትን ቡና ሸጬ ነው። እሷም አፏ መሮ፣ ሆዷ ተበጥብጦ ሰውነቷ አለቀ። ባለፈው "እኔ ከዚህ በኋላ አልውጥም፤ ይሄ ነገር ከእኔ አይወጣም" ብላ መድኃኒቱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ እዚያው አለ። መድኃኒቱ የማይገድለው የራሳችን አገር ስትሬን ስለሆነ ነው?


የላብራቶሪው ሰው (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:50)

ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። ይህ ሊደርስባችሁ አይገባም ነበር። ከጣት የተወሰደው ደም ባክቴሪያውን አያይም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የሠራውን ፀረ አካል ነው የሚያየው። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ፀረ አካሉ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ ድና ሊሆን ይችላል፤ ያ ምርመራ ግን "አለብሽ" ማለቱን አይተውም። መዳኗን ለማወቅ የሚያገለግለው፣ ባክቴሪያውን ራሱን ሰገራ ውስጥ የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ከጨረሰች ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ወይም የእሱን ዓይነት የምትወስድ ከሆነም ከምርመራው በፊት 2 ሳምንት ማቋረጥ አለባት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ "የለም" ሊል ይችላል። መደርደሪያ ላይ ያለውን አሁን አትጀምረው። የሰገራ ምርመራ የሚሠራ ቦታ ጠይቃችሁ ሂዱ፤ ክብደት ከቀነሰች፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ካስታወካት ግን ምርመራውን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ።

ስትሬን ላልከው፣ አዎ፣ መድኃኒት የለመደ ስትሬን አለ። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ ላይ የባክቴሪያው ዘረ መል አንድ ፊደል ቢለወጥ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። ይህ ግን አገራችን ያለው በሙሉ አይሞትም ማለት አይደለም። መድኃኒት ሳያስፈልግ ደጋግሞ መዋጥ፣ ጀምሮም ማቋረጥ የለመደውን ያበዛዋል። የእሷ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አስቀድሞ ባክቴሪያው መኖሩ ሲረጋገጥ ነው።


ዘጌ ቡና (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:05)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ይዣት እሻገራለሁ።


ከሚኒሶታ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:30)

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሆነኝ ከወጣሁ። እዚህ የምኖርበት ግዛት ውስጥ ስለተሠራ ጥናት ልንገራችሁ፤ ስላነበብኩት ብቻ ሳይሆን ስለኖርኩት ጭምር። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሞንግና ካረን የሚባሉ ሕዝቦች እዚህ በብዛት አሉ። ከ500 በላይ ሴቶችን ይዘው ያጠኑት ሰዎች በ2018 ያወጡት፦ አንጀታቸው ውስጥ የነበረው ፕሬቮቴላ እየጠፋ ባክቴሮይዲስ በሚባል ሌላ የባክቴሪያ ወገን ተተካ። ለውጡ የጀመረው በመጡ በወራት ውስጥ ነው። በቆዩ ቁጥር ይብሳል፣ እዚህ በተወለዱት ልጆች ደግሞ ይበልጥ። ፋይበር የሚቆርጡት ኢንዛይሞችም አብረው ጠፉ።

እኔ እዚህ ስመጣ ጤፍ ውድ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል እንጀራ የምበላው እሑድ ብቻ ነበር፤ በሳምንቱ ዳቦና ዶሮ። ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገብቼ እናቴ የዳጉሳ እንጀራ በክክ ወጥ አቀረበችልኝ። ያደግኩበት ምግብ። ሌሊቱን ሆዴ ተነፍቶ ቁጭ ብዬ አደርኩ፤ እናቴም አጠገቤ ተቀምጣ "ልጄን ምን አደረጓት" እያለች ሆዴን ታሸኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለቀቀኝ። ምክንያቱን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ልጄ ግን እዚህ ነው የተወለደው፤ ለእሱ ያላወረስኩት ነገር እንዳለ ሳስብ ያመኛል። መልሶ ማግኘት ይቻላል?


የሽምብጥ መምህርት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40)

እህቴ፣ ልጅሽ ምንም አልወረሰም ማለት አይደለም። በ2023 ከ9,700 በላይ ናሙና ተሰብስቦ የተሠራ ትልቅ ጥናት አለ፤ ሕፃን በመጀመሪያ ዓመቱ አንጀቱ ውስጥ ካሉት ከእናቱ ጋር ሊጋራቸው ከሚችሉት ስትሬኖች ግማሽ ያህሉን ይጋራታል። እያደገ ሲሄድ ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም። ስለዚህ አንቺ ጋ ካለው እሱ ጋም ሊኖር ይችላል። አንቺም በሁለት ሳምንት መለስ ካልሽ ሁሉንም አላጣሽም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አንሰው ቆይተው ምግባቸውን ሲያገኙ በዝተው ይሆናል። የሚጠቅመው እሱን መመገብ ነው፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ያልተፈተገ እህል፣ በየቀኑና ቀስ እያለ። ጤፍ ካልተገኘ ገብስም አጃም ፋይበር አለው። ጭራሹን የጠፋ ስትሬን ግን በምግብ ብቻ አይመለስም፤ ከሌላ ሰው መምጣት አለበት። ለዚህ ነው መጥፋቱ እኔንም የሚያሳዝነኝ።

ይህን በደንብ ያሳየው በ2022 ሳይንስ ላይ የወጣው የጀርመኖቹ፣ የቱቢንገን ማክስ ፕላንክ ተቋም ሥራ ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአውሮፓ የ1,225 ሰዎችን ናሙና ይዘው የሰውን የትውልድ ዛፍና የየባክቴሪያውን የስትሬን ዛፍ ጎን ለጎን አቆሙት። ከተፈተሹት 59 ባክቴሪያዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ዛፋቸው ከሰው ዛፍ ጋር ገጠመ። እነዚህ ሰውን ተከትለው በየአህጉሩ የተለያዩ ናቸው። ደግሞም ከሁሉ ይበልጥ ከሰው ጋር የተጣበቁት፣ ዘረ መላቸው ያነሰ፣ አየርና ከሰውነት ውጭ ያለ ሙቀት የማይችሉ ሆነው ተገኙ። ሰው ከሌለ መኖሪያ የላቸውም፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ነው መንገዳቸው።

የልዩነቱን ዓይነት በአንድ ልዝጋ፦ ዩባክቴሪየም ሬክታሌ የሚባል በብዙ ሰው አንጀት የሚገኝ ባክቴሪያ አለ። አውሮፓ ያለው ስትሬን መዋኛ ጭራውን የሚሠሩትን ዘረ መሎች አጥቷል፤ አይንቀሳቀስም። ሌላ አህጉር ያለው ግን ይዋኛል። ስሙ አንድ፤ አንዱ ዋናተኛ፣ አንዱ ተቀማጭ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ዓለም ላይ ካለው የታወቀ የአንጀት ናሙና ከ70 በመቶ በላይ የተሰበሰበው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው። መጽሐፎቹ "ጤነኛ አንጀት" ብለው የሚጽፉት ከእነዚያ ሆዶች ተለክቶ ነው። የእኛ አገር ሰው ናሙናው እዚያ ሲታይ "ያልታወቀ" የሚባል ብዙ ነገር ይወጣል። ለእኛ ሆድ ግን ያልታወቀ እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው። እዚህ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን በራሳችን እጅ ቢያጠኑት እመኛለሁ፤ በተለይ ጾሙ እያለ፣ ጤፉ እያለ፣ ገጠሩ ገና ገጠር ሳለ።


እንጀራ ጋጋሪዋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10)

ልጄ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ካልሽ ጉርሻስ? አንድ መሶብ ስንበላ፣ ሰው ስናጎርስ የጨጓራውንም በሽታ እየሰጠን ነው? የልጅ ልጆቼን ማጉረስ ልተው?


የሽምብጥ መምህርት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:35)

አይተዉ እማማ። ያ የ2023 ጥናት አብረው የሚኖሩ ሰዎች የአፋቸውን ስትሬን ሲሶ ያህል፣ የአንጀታቸውን ደግሞ 12 በመቶ ያህል እንደሚጋሩ አሳይቷል። አብሮ መኖር ራሱ ያጋራል፤ ከሚጋሩትም አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነው። የጨጓራውን ባክቴሪያ ደግሞ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነቱ፣ እቤቱ ውስጥ ነው። የሚደረገው እጅን ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከማጉረስ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ የሚጠጣውን ውኃ ንጹሕ ማድረግ ነው። ምግቡን በእርስዎ አፍ አላምጦ ለሕፃን መስጠት ካለ እሱን ይተዉት። በታጠበ እጅ የልጅ ልጅዎን ያጉርሱ።


የኋላ ወንበር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:20)

ቲቸር፣ ጥያቄውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ልጨምር? እኛ አሁን ሁዳዴ ላይ ነን፤ ቤታችን 55 ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ በሶ ነው። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ ዶሮው፣ ቅቤው፣ እርጎው በአንዴ ይመጣል። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ስለሆነ በፍስክ ወራት ቆሮሶና አምባዛ ከቤታችን አይጠፋም። ታዲያ ባክቴሪያዎቹ በጾምና በፍስክ ይቀያየራሉ? ወይስ እነዚያው ናቸው?


የሽምብጥ መምህርት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:44)

ጎበዝ! ታንዛንያ ውስጥ እያደኑና እየለቀሙ የሚኖሩ ሐድዛ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። በ2017 የወጣ ጥናት ዓመቱን ሙሉ ሲከታተላቸው፣ ክረምት ሲገባና ማርና የዱር ፍሬ ሲበዛ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ከዓይን እስኪጠፉ ያንሳሉ፤ ዓመቱ ዞሮ በበጋ ሥጋ ሲበዛ እንደገና ይመለሳሉ። ያንተም ቤት በጾምና በፍስክ እንዲህ ያለ ዑደት ሊኖረው ይችላል ብዬ አስባለሁ፤ የእኛ ጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነውና ለጥናት ከዚህ የተመቸ ሕዝብ ማግኘት ይከብዳል።

ባክቴሪያዎቹን ለማየት ዘረ መል የሚያነብ ማሽን ያስፈልጋል፤ እሱ ትምህርት ቤታችን የለም። ምግቡን መመዝገብ ግን ትችላለህ። ከነገ ጀምረህ ቤታችሁ በየቀኑ ምን እንደተበላ፣ በስንት ሰው፣ ጤፉ ንጹሕ ይሁን ድብልቅ፣ ዓሣው የትኛው እንደሆነ በደብተር ጻፍ። ከፋሲካ በኋላም አንድ ወር ቀጥል። ማንም ይህን ጥናት ሊሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ደብተር ነው። አስፈቅደህ የእናትህን እርሾ ታሪክም ጨምርበት፤ ከየት እንደመጣ።


የኋላ ወንበር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:51)

እሺ ቲቸር። እርሾውን እናቴን አሁን ጠየቅኳት፤ ከደቅ ደሴት ከአያቴ ነው የመጣው፣ በታንኳ። ሰኞ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ።